የጽጌረዳውን ቅጠል ማን ቆረጠው?

(በሬዲዮ ከተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተገለበጠ)

ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጽጌረዳ ነው። በደጃችሁ ወይም በአጥራችሁ ሥር ጽጌረዳ ያላችሁ፣ ቅጠሉን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንድ ቀን ጠርዙ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ተቆርጦ ይገኛል። ቁርጡ የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ በመቀስ የቆረጠው ይመስላል።

ይህን ሲያዩ ብዙ ሰዎች «ትል ገባበት» ይላሉ። ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ገበያ ይወጣሉ። ቆይ፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቆራጩን እንወቅ። አባጨጓሬና ፌንጣ ሲበሉ ቅጠሉን እዚህም እዚያም ይቦጫጭቁታል። አባጨጓሬ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ኩስ ይጥላል። ጠርዙ ለስላሳ፣ ቅርጹ ክብ ወይም እንቁላል መሳይ ከሆነ ግን ቆራጯ ንብ ናት። ስሟም ቅጠል ቆራጭ ንብ ይባላል። ቃሉን ጻፉት፦ ቅ-ጠ-ል ቆ-ራ-ጭ።

አዎ፣ ንብ። በቀፎ የምናውቃት የማር ንብ ግን አይደለችም። የማር ንብ ከአውራዋ ጋር በብዙ ሺህ ሆና ትኖራለች። ቅጠል ቆራጯ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ቤቷን ብቻዋን ትሠራለች፤ ለልጆቿም ስንቅ ብቻዋን ታዘጋጃለች። ማር አታከማችም። የአበባ ብናኝ የምትሸከመው በኋላ እግሮቿ ሳይሆን በሆዷ ሥር ባለው ጠጉር ነው። ስለዚህ ከአበባ ስትነሣ ሆዷ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

በምሠራበት ግቢ ጽጌረዳ የሚንከባከቡ አንድ አትክልተኛ አሉ። እሳቸውም «መምህር፣ መድኃኒት ይገዛ፤ አለዚያ አበባው ማለቁ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ብለን እንይ» አልኳቸው። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ 4 ሰዓት ግድም፣ በርጩማ አውጥተን ተቀመጥን። ብዙም አልቆየን። አንዲት ንብ መጣች። የቅጠሉን ጠርዝ በእግሮቿ ያዘች፤ በመንጋጋዋ ዙሪያውን ቆረጠችው። 30 እስክንቆጥር እንኳ አልፈጀባትም። ቁራጩን ከሆዷ ሥር ይዛ በረረች። ጋሼም «እንዴ! አትበላውም?» አሉ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉን አትበላውም። የምትወስደው ለልጆቿ መኝታ ነው። የሸምበቆ ቀዳዳ፣ ጢንዚዛ የቦረቦረው እንጨት፣ የግድግዳ ስንጥቅ ትፈልጋለች። እዚያ ውስጥ ቅጠሉን እየደራረበች ትንሽ ስኒ የመሰለ ክፍል ታበጃለች። ለአንዱ ክፍል ብቻ ከ10 በላይ ቁራጭ ሊገባ ይችላል። ከዚያ የአበባ ብናኝ ከአበባ ወለላ ጋር አቡክታ ታስቀምጥበታለች። ይህ ለልጇ ስንቅ ነው። በላዩ አንድ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላል መሳዩ ቁራጭ ለግድግዳው ነው፤ ክቡ ደግሞ ለክዳኑ። ልክ ድስት እንደ መክደን ማለት ነው። በዚያው ላይ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ክፍል ትቀጥላለች። ያለ ሜትር፣ ያለ እርሳስ!

እንግዲህ የማትበላውን ቅጠል መርዝ ብትረጩበት ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ማላታይንን የመሰለ መርዝ ንብ አይመርጥም። ጎረቤታችሁ ቀፎ ሰቅለው ከሆነ፣ የእሳቸው ንቦች ወደ እናንተ አበባ ይመጣሉ። መርዝ ለብሰው ይመለሳሉ፤ ወይም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ለሁለት ቅጠል ተብሎ የሰው ማር ይጠፋል። መርዙ የተረፈ እንደሆነ ደግሞ በለስላሳ ጠርሙስ ተገልብጦ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ልጅ የጠጣው እንደሆነስ?

ይህችን ንብ አጥብቀው የሚፈልጓት ገበሬዎችም አሉ። በሰሜን አሜሪካ ለከብት መኖ የሚሆን አልፋልፋ የሚባል ተክል ይዘራል። አበባው ሲነካ ከውስጡ እንደ ወጥመድ ይፈናጠራል። የማር ንብ ፊቷን መመታት ስለማትወድ በጎን በኩል ወለላውን ሰርቃ ትሄዳለች። ቅጠል ቆራጯ ግን ምቱ ግድ አይሰጣትም። እየገባች እየወጣች አበባውን ከብናኝ ጋር ታገናኘዋለች፤ ዘር ይይዛል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ቀዳዳ የበዛበት ሳንቃ በማሳቸው ላይ ያቆሙላታል።

ታዲያ ጽጌረዳችንን እንተወው? አይደለም። የደረጀ ጽጌረዳ ጥቂት ቅጠሉ ቢጎድል ምንም አይሆንም። ውሃና ፍግ ስጡት፤ አዲስ ቅጠል ያወጣል። የተቆረጠውን ቅጠል አትንቀሉት፤ የተረፈው ክፍል ተክሉን ይመግበዋል። የሚያሳስበው ገና የተተከለ፣ ቅጠሉ የሚቆጠር ችግኝ ነው። እሱን ዙሪያውን አራት እንጨት ተክላችሁ ብርሃን በሚያሳልፍ አሮጌ ሻሽ ሸፍኑት። ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ አልብሱት፤ አመሻሽ ላይ ግለጡት። የመኝታ አጎበር ግን አይነካ፤ እሱ ለወባ ነው። ንቧ ሥራዋን በጥቂት ሳምንት ትጨርሳለች፤ ያን ጊዜ ሻሹን ታነሡታላችሁ። ልጆቹ ንቧን በእጃቸው አይጨብጧት እንጂ፣ ካልያዟት እምብዛም አትናደፍም።

ለሚቀጥለው ትምህርት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ፀሐይ ሲሞቅ ከጽጌረዳችሁ አጠገብ ቁጭ በሉ። ንቧ ቅጠሉን ይዛ በየት በኩል እንደሄደች፣ የት እንደገባች ተመልከቱ። ያያችሁትን በሦስት መስመር ጻፉ። ደኅና ሁኑ።