አምራቹ የተወው የሙዚቃ ማጫወቻ ለምን አልሞተም?

«ኩባንያው ሰርቨሩን ዘግቷል፤ ከእንግዲህ አይሠራም።» ገለምሶም ሆነ ጭሮ፣ ዘመድ ከውጭ የላከለትን የዋይፋይ ሙዚቃ ማጫወቻ ይዞ ስልክ ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሰምቶ ይመለሳል። ዕቃውም ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። «አይሠራም» ማለቱ ስህተት ነው፤ እንዲህ ተብሎ ሲነገር ዝም ብሎ ማለፍም አይገባም።

ስኩዊዝቦክስ የተባለውን ማጫወቻ እንውሰድ። ስሊም ዲቫይስስ የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ሠራው። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2006 ኩባንያውን ገዛ፣ በ2012 ምርቱን አቆመ፣ በ2024 ደግሞ የኢንተርኔት አገልግሎቱን ዘጋ። በዚያ አገልግሎት ብቻ ይጠቀም የነበረ ሰው በእርግጥ ተቸግሯል። ማጫወቻዎቹ ግን ዛሬም ይሠራሉ፤ ምክንያቱም ሙዚቃውን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። በጎ ፈቃደኞች እያደሱት ዛሬ ላይርየን ሙዚክ ሰርቨር ይባላል።

ማጫወቻውን ለማዘዝ ስልክ ላይ የሚጫነው አፕ ሙዚቃ አይሸከምም፤ ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል። ዘፈን እየተጫወተ ስልኩን አጥፉት፤ ዘፈኑ አይቋረጥም። ማጫወቻው ድምፁን በቀጥታ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ከተጫነው ፕሮግራም፣ ነው የሚስበው።

ታዲያ አፑ ሰርቨሩን በምን ያገኘዋል? አድራሻውን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ በቤቱ ኔትወርክ ላይ ላሉ መሣሪያዎች ሁሉ፣ በ3483 ቁጥር በር (ፖርት)፣ አንዲት አጭር የዩዲፒ መልእክት ይበትናል፤ ገበያ መሀል ቆሞ «የእገሌ ቤት ሰው እዚህ አለ?» ብሎ እንደ መጣራት ነው። መልእክቷ የምትጀምረው በትንሿ የእንግሊዝኛ «ኢ» ፊደል ነው፤ ቀጥላም ስምህ ማን ነው፣ በየትኛው በር ላናግርህ ብላ ትጠይቃለች። ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ይላሉ። ሰርቨሩ ግን በትልቁ «ኢ» የሚጀምር መልስ ይልካል፤ ስሙንና የበሩን ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ 9000ን፣ ይናገራል። ከዚያ በኋላ አፑ በዚያ በር ገብቶ መስመሩን ክፍት አድርጎ ይቆያል፤ ዘፈን ሲቀየር ወይም ድምፅ ሲጨመር ሰርቨሩ ራሱ ወሬውን ይልክለታል። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲትም መልእክት ከቤት አትወጣም፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ቢያልቅም ልዩነት የለውም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት በቆየበት ጊዜ እንኳ፣ መብራት እስካለ ድረስ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት ቤት ውስጥ ከነበረ፣ ሙዚቃ መጫወቱን አይተውም ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ከወዲህ፣ ከስልኩ በኩል ነው። ማጫወቻው ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ አንድሮይድና አይፎን ግን በየዓመቱ ይለወጣሉ። አንድሮይድ 9 ያልተመሰጠረ ግንኙነትን በነባሪነት ከለከለ፤ ሰርቨሩ ደግሞ የሚናገረው ባልተመሰጠረ መንገድ ነው። አይኦኤስ 14 አፖች የቤቱን ኔትወርክ ለማየት ፈቃድ እንዲጠይቁ አስገደደ፤ ባለቤቱ ሳያነብ «አይሆንም»ን ከነካ ያ የመጀመሪያ ጥሪ ከስልኩ አይወጣም። አንድሮይድ 13 ማሳወቂያ ለማሳየትም ፈቃድ ይፈልጋል። ጎግል ፕሌይ በበኩሉ ለአዲስ የአንድሮይድ ቅጂ ያልተዘጋጀ አፕ አዲስ ስልክ ለያዘ ሰው እንዳይታይ ያደርጋል። ሰው ፈልጎ ሲያጣው «ጠፍቷል» ይላል፤ ከማጫወቻው ላይ ግን አንድ ብሎን አልላላም።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ይከራከሩኛል፣ ክርክራቸውም ውድቅ አይደለም። ያልተመሰጠረ ግንኙነት መከልከሉ የባንክ የይለፍ ቃላችንን ይጠብቃል። አንዳንድ አፖች በቤቱ ኔትወርክ ላይ ምን ምን መሣሪያ እንዳለ እየሰለሉ መረጃ ይሰበስቡ ስለነበር የፈቃዱ ጥያቄም ተገቢ ነው። እኔ የምለው፣ የደኅንነት ሕግ በወጣ ቁጥር አፑን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል ነው። ስኩዊዘር የተባለው የአንድሮይድ አፕ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የቻለ ሁሉ ሊያስተካክለው ይችላል። ኮዱ በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተቆለፈ አፕ ግን ያ ሰው ሲደክመው አብሮ ይቀራል።

የእኛዎቹ የሙዚቃ አፖች አውታርና ሰዋስው ሙዚቃቸው ከራሳቸው ሰርቨር ስለሚመጣ፣ ሰርቨሩ ቢዘጋ ጉዳዩ ለእነሱ የበለጠ ይከብዳል። ለአገራችን አፕ ሠሪዎች የምለው አለኝ፤ አገልግሎት ለመዝጋት የምትወስኑበት ቀን ከመጣ፣ መሣሪያውና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበትን ደንብ ለሕዝብ ልቀቁ።

ስልክ ጠጋኞች ሆይ፣ ስኩዊዝቦክስ ይዞ የሚመጣውን ቀጣዩን ደንበኛ «ሞቷል» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ላይርየንን ጫኑ፤ ስልኩንና ማጫወቻውን ከአንድ ዋይፋይ ጋር አገናኙ፤ አይፎን ከሆነ የሎካል ኔትወርክ ፈቃዱን ክፈቱ፤ ራውተሩም መሣሪያዎቹን እርስ በርስ እንዳይተያዩ አለማገዱን ፈትሹ።