እውነት ወይስ ተረት? «ዓይኑን ብቻ አደራ!»

መስከረም ላይ በጎጃም ብቸናም ይሁን ሞጣ በአንድ የቅድመ አንደኛ ክፍል በር አጠገብ ቆም ብሎ ጆሮውን የጣለ ሰው፣ ይህችን አባባል ሳይሰማ የሚመለስ አይመስለኝም። አባት ልጁን እጁን ይዞ ያመጣና ለመምህርቷ ያስረክባል። ከዚያ በቀልድና በቁም ነገር መካከል ሆኖ «ዓይኑን ብቻ አደራ፤ ሌላው የእርስዎ ነው» ይላል። ሲመቱት ዓይኑን ብቻ ይጠብቁለት ማለቱ ነው። አባባሉ ከቄስ ትምህርት ቤቱ፣ ከየኔታ ደጅ የመጣ ነው። ዛሬ ግን የሚነገረው ንፍጡን ገና በራሱ መጥረግ ስላልቻለ የአራት ዓመት ልጅ ነው።

አባትየው ልጁን ስለሚጠላ አይደለም እንዲህ የሚለው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ሲሉት የሰማውን ነው የሚደግመው። ስለ ልጅ አቀጣጥ በአገራችን እንደ እውነት የሚነገሩት ነገሮች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተወረሱ ናቸው፤ እስቲ ጥቂቶቹን እንፈትሻቸው።

ተረት፦ «ያልተቆነጠጠ ልጅ ስድ ያድጋል»

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ተረት ይመሰክራል። መልካም ጠባይ ያለውን ሰው «ተቆንጥጦ ያደገ» እንለዋለን። ቁንጥጫና ጨዋነት በአንድ አባባል ውስጥ ተጋብተው ስለኖሩ፣ አንዱ ያለ ሌላው የሚገኝ አይመስለንም።

ጥናት ግን አፋትቷቸዋል። ኤልዛቤት ጌርሾፍና አንድሩ ግሮጋን ኬለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ የሃምሳ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ፤ በጥናቶቹ የታቀፉት ልጆች ከ160,000 በላይ ናቸው። ያዩት ከባዱን ድብደባ አይደለም፤ ብዙ ወላጅ «ይቺማ ምን አላት» የሚላትን፣ በመዳፍ ቂጥ ቸብ ማድረግን ነው። የሚመቱት ልጆች ይበልጥ ተደባዳቢና እልኸኛ ሆነው ተገኙ እንጂ ይበልጥ ታዛዥ አልሆኑም። «አስቸጋሪ ስለሆነ ይሆናል የተመታው» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉና መነሻ ጠባያቸውን ከግምት ያስገቡ ጥናቶችም ግን ወደዚያው ያመለክታሉ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ አንዲት ትንሽ ሙከራ ትበልጥብኛለች። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሟት ናት። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤቶችን መረጡ። በአንደኛው ልጅ ሲያጠፋ በዱላ፣ በጥፊና በቁንጥጫ ይቀጣል፤ በሌላው በቃል ይገሠጻል ወይም ለጥቂት ጊዜ ለብቻው ይቀመጣል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን አንድ በአንድ ያስገቡና ከጀርባቸው አሻንጉሊት አስቀምጠው «ዞረህ እንዳታይ» ብለው ይወጣሉ። በሁለቱም ትምህርት ቤት አብዛኞቹ ልጆች ዞረው አዩ፤ ልጆች ናቸዋ! ልዩነቱ የመጣው «አይተሃል?» ተብለው ሲጠየቁ ነው። ዱላ በሌለበት ትምህርት ቤት ካዩት መካከል ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ዋሹ። ዱላ ባለበት ግን ዞረው ያዩት ሁሉም ማለት ይቻላል ዋሹ፤ ሲመረመሩም ውሸታቸውን እንዳይነቃባቸው አድርገው አስኬዱት። ልምጩ አጮልቆ ማየትን አላስቀረም። ያስተማራቸው አሳምሮ መዋሸትን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ያንግ ላይቭስ የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት የአማራ ክልልን ጨምሮ በተለያዩ አካባቢዎች ያሉ ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የስምንት ዓመት ልጆችን «ባለፈው ሳምንት መምህር መትቷችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ ከመቶ 38ቱ «አዎ» አሉ። ሌላው ሲመታ ያየውማ ሦስት አራተኛው ነው። ቁንጥጫ የሚባለውን ያህል ቢያስተምር ኖሮ በየሳምንቱ ባላስፈለገ።

ግማሽ እውነት፦ «አባቶቻችን በልምጭ ተምረው አይደል ሊቅ የሆኑት?»

ይህን በቀላሉ ማጣጣል አልፈልግም። ጎጃም ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ ያሉበት አገር ነው፤ ሊቃውንቱ እውነት ናቸው፣ ልምጩም እውነት ነው። እኔም ፊደል ስቆጥር ቀምሼዋለሁ። «ሐመሩ ሐ» እና «ብዙኃኑ ኀ» ይምታቱብኝ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ልምጩ ያረፈበትን ቦታ አውቃለሁ፤ ሁለቱን «ሐ»ዎች ግን ለይቼ የያዝኳቸው ከአጠገቤ የተቀመጠ ዳዊት ደጋሚ ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ ደጋግሞ ሲያሳየኝ ነው።

ስለ የኔታ ቤት ስናወራ የምንረሳው ይህንን ነው። አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል። ከጠዋት እስከ ማታ ድግግሞሽና የቅርብ ክትትል አለ። ሊቅ ያወጣው ይህ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ለልምጩ ሰጠነው። ደግሞም የምንቆጥረው ሊቅ የሆኑትን ብቻ ነው፤ ልምጩን ፈርተው በዚያው የቀሩትን የቆጠረ የለም።

መጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር መናገሩን የሚያነሡ አሉ። አዎ ይናገራል። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያሳስባል፤ ይኼኛው ግን ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ አልሰማም። በትር ደግሞ የእረኛ ዕቃ ነው። የእነማይ ወረዳ እረኛ ከብቱ ጤፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ከመደብደብ፣ ቀድሞ ከማሳው ዳር መቆም እንደሚሻል ማንም አያስተምረውም።

ተረት፦ «መምህር ቢቀጣ ሕግ አይከለክለውም»

ይከለክለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መዋዕለ ሕፃናቱም የዜሮ ክፍሉም ከዚህ አያመልጥም። ወላጅ «ፈቅጃለሁ» ማለቱ መብቱን አያነሣውም፤ መብቱ የልጁ ነውና። ቤት ውስጥ ሲሆን ሕጉ ይላላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 በልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን ካስቀጣ በኋላ ለወላጅና ለአሳዳጊ ተገቢ ለሆነ እርምት በር ትቷል። በሩ መዘጋት ነበረበት ባይ ነኝ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ዘግታዋለች፤ ከእኛው አህጉር ቱኒዝያና ኬንያ በ2010 ተከትለዋል።

ተረት፦ «ያለ ዱላ ማለት ልጅን መረን መልቀቅ ነው»

በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከዚህኛው ነው፤ ዱላውን የጣሉት ሰዎች ራሳቸው አንዳንዴ ያምኑታልና። ዱላው ከተጣለ በኋላ እጅን አጣምሮ መቀመጥ ምሪት አይባልም።

አንድ ልጅ ኳስ ሊነጥቅ ብሎ ጓደኛውን በጡጫ መታ እንበል። መምህርቷ ፈጥና ትደርሳለች። ከቆመችበት አትጮህም፤ በርከክ ብላ ፊቱ ድረስ ትወርድና እጁን ይዛ «መማታት የለም» ትላለች፣ በአጭሩ። ከዚያ ቀድማ የምታየው የተመታውን ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ መቺው ሁሉንም ዓይን ይወስድና የተመታው ተረስቶ ጥግ ላይ ይንሰቀሰቃል። ቀጥላ ወደ መቺው ትመለሳለች። «ኳሱን ፈልገህ ነበር። ተናደድክ። ስትፈልግ ‹ስትጨርስ ስጠኝ› ነው የሚባለው፤ እስቲ በል።» ልጁ ይላታል፤ ካላላትም እሷ ትልለትና ነገ ትደግመዋለች። እንደገና ከተማታ ኳሱ ለዛሬ ይነሣል፤ ይህ አይለወጥም፣ ቢያለቅስም አይለወጥም። ጥፊ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል፣ ይህ ሦስት ደቂቃ። ልፋቱ ያለው የቱ ጋ እንደሆነ ማየት አያስቸግርም።

ራስን የመግታት ችሎታ በዋናነት የሚመራው ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ዳዴ የሚል ልጅ ሲወድቅ «ለምን ወደቅህ» ብሎ የሚመታ የለም፤ እጁን ይዘን ደግመን እናቆመዋለን። የአራት ዓመት ልጅ ንዴትም ገና ዳዴ ላይ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ከረሜላ አለ። «ዝም ካልክ ከረሜላ» ማለት ምሪት የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናት አስቀድሞ ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ሣሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። ከረሜላውን ይተዉትና ያዩትን ይንገሩት፦ «ለጓደኛህ ቦታ ለቀቅህለት፤ አየሁህ።»

ተረት፦ «ሃምሳ ልጅ ይዞ ይህ የማይሆን ነገር ነው»

እዚህ ላይ መምህራኑ ይናደዳሉ፤ እውነት አላቸው። ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት መጫወቻ፣ ያለ ረዳት አንዲት መምህርት፤ ይህን ያላየ ሰው ቢመክር ያስቆጣል። ነገር ግን ልጅ የሚበዛበት ክፍል ነው ቀድሞ መዘጋጀትን ይበልጥ የሚፈልገው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። ልጆች የሚረብሹበትን ሰዓት ያስተዋለች መምህርት ብዙውን ረብሻ ወረፋ ሲጠብቁና ሥራ ሲፈቱ ታገኘዋለች። ስለዚህ ሃምሳውን በአንድ ጊዜ እጅ ከማስታጠብ በዐሥር በዐሥር መክፈል፤ የቀሩትን መዝሙር ማዘመር። ለመሰብሰብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጭብጨባ። የክፍሉ ሕግ ሦስት ብቻ ይሁን፣ ሦስቱም አድርግ የሚሉ። «አትሩጥ» ያልነው ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት አልነገርነውም፤ «በቀስታ ተራመድ» ስንለው ግን የሚይዘው አለው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የሚነጫነጨው ልጅ ደግሞ ምናልባት ባለጌ አይደለም። ቁርስ አልበላም።

ተረት፦ «ማስፈራራት ዱላ አይደል፤ ምን ይጎዳል?»

«አያ ጅቦ መጣልህ»፣ «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል»። በመርፌ ሲያስፈራሩት የከረመ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ለምን ጣራ እስኪነካ እንደሚጮህ ጤና ባለሙያዎችን ጠይቁ። «ሰነፍ»፣ «ደደብ» ብሎ በጓደኞቹ ፊት ማዋረድም ከዚሁ ይመደባል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ልጆቹ የተኩስ ድምፅ ለምደዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በድንገት ሲማታ፣ ሲደነግጥ ወይም ሲሸና አመል አውጥቶ ሳይሆን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። የፈራን ልጅ በሌላ ፍርሃት ማረጋጋት አይቻልም።

ውድ ወላጅ፣ ልጅዎን በበሩ ላይ ሲያስረክቡ የዓይኑን አደራ ይተዉትና ለመምህርቷ ሦስት ነገር ይንገሯት፦ ዛሬ ቁርስ በልቶ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲያለቅስ ቤት ውስጥ በምን እንደሚባበል። እሷም ማታ ሲመለስ ስለ ውሎው ትንገርዎ።