የተሰደደው ዩኒቨርሲቲ፦ አምስት ጊዜ መንግሥት የተቀየረበት ስትራስቡርግ



ስትራስቡርግ የምትባለዋን የፈረንሳይ ከተማ አብዛኞቻችን የምናውቃት በአውሮፓ ፓርላማ ነው። ስለ ሰብዓዊ መብት አቤቱታ ሲጻፍ፣ ሰላማዊ ሰልፍ ሲጠራ ስሟ ይነሳል። በከተማዋ ውስጥ ስላለው ዩኒቨርሲቲ ግን በእኛ መካከል ሲወራ ብዙም አልሰማሁም። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍኩ፣ ሥራዬንም በአንዲት አጭር ደብዳቤ ተነጥቄ ለስደት የበቃሁ ሰው ነኝ። ስለሆነም “ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ ለእኔ የክፍል ውስጥ መወያያ ብቻ አይደለም። ለዚህ ጥያቄ የስትራስቡርግን ያህል ማስረጃ የሚሰጥ ተቋም አላገኘሁም። ይህ ዩኒቨርሲቲ አምስት ጊዜ መንግሥት ተቀይሮበታል፤ አንድ ጊዜም ራሱ ተሰድዷል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጅማሬው በ1538 ዮሐንስ ሽቱርም የተባለ ምሁር ያቋቋመው የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1566 አካዳሚ፣ በ1621 ደግሞ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያን ጊዜ ከተማይቱ በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ሥር የነበረች ነፃ ከተማ ነበረች። በ1681 የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ያዛት። የሚገርመው ግን ካቶሊኩ ንጉሥ ዩኒቨርሲቲውን አልነካውም፤ ሉተራዊ እንደሆነ ቀጠለ። ታላቁ የጀርመን ባለቅኔ ጎተ በ1770 ሕግ ሊማር የመጣው ወደዚህችው በፈረንሳይ ሥር ወደነበረች ከተማ ነው። የፈረንሳይ አብዮት የሀገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ ዘጋ፤ ናፖሊዮን ደግሞ በተናጠል ፋኩልቲዎች ተካቸው። ሉዊ ፓስተር ከ1849 እስከ 1854 ኬሚስትሪ ያስተማረው በእነዚህ ፋኩልቲዎች ነው።

ከዚያ 1870 መጣ። የጀርመን ጦር ከተማይቱን ከብቦ በመድፍ ሲደበድብ፣ በነሐሴ 24 ሌሊት ቤተ መጻሕፍቱ ተቃጠለ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘጋጀ፣ በዓለም አንድ ብቻ የነበረ ባለሥዕል የብራና መጽሐፍ ሳይቀር አመድ ሆነ። ያቃጠሉት ጀርመኖች ወዲያው ከየሀገሩ መጽሐፍ መለመን ጀመሩ፤ ዛሬ ከፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቀጥሎ በፈረንሳይ ሁለተኛ የሚባለው የስትራስቡርግ ቤተ መጻሕፍት የተወለደው ከዚያ ልመና ነው። በ1872 ጀርመን አዲስ ዩኒቨርሲቲ ከፈተች፤ በኋላም በንጉሠ ነገሥቷ በቪልሄልም ስም ጠራችው። ዓላማው የአልዛስን ሕዝብ ጀርመን ማድረግ ነበር። ይህን የፖለቲካ ዓላማ ብንኮንነውም፣ ገንዘቡና ምሁራኑ እንደ ጉድ ፈሰሱ፤ ለሬድዮና ለቴሌቪዥን መንገድ የጠረገው ፌርዲናንድ ብራውን በ1909 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር።

በነገራችን ላይ እኛንም የሚነካ ነገር እዚህ አለ። የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቴዎዶር ኖልደከ ከ1872 ጀምሮ በስትራስቡርግ አስተምሯል። በ1906 ወንበሩን የወረሰው ኤኖ ሊትማን ነው። በዚያው ዓመት አክሱም ድረስ መጥቶ ሐውልቶቹንና የድንጋይ ላይ ጽሑፎቹን ያጠናውን የጀርመን ቡድን የመራው ይኸው ሊትማን ነበር። ጥናቱ በ1913 በአራት ቅጽ ታትሞ ሲወጣም ሰውየው የስትራስቡርግ መምህር ነበር። ስለ አክሱም የሚጽፍ ምሁር እስከ ዛሬ እነዚያን ቅጾች ሳያገላብጥ አያልፍም።

በ1918 ጀርመን ስትሸነፍ ፈረንሳይ ተመለሰች፤ የጀርመን ፕሮፌሰሮችም ተባረሩ። ፈረንሳዮች ይህን ምዕራፍ ሲተርኩ ፈጠን ብለው ያልፉታል። በ1919 ዩኒቨርሲቲው እንደገና ሲከፈት የፓሪስ መንግሥት ጠንካራ ወጣት ምሁራንን መርጦ ላከ። ከእነዚህ መካከል ማርክ ብሎክና ሉሲየን ፌቭር የተባሉ ሁለት የታሪክ ሊቃውንት በ1929 “አናል” የተባለውን መጽሔት መሠረቱ። ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ዝርዝር ብቻ አይደለም፣ የገበሬው እርሻ፣ የገበያው ዋጋ፣ የሕዝቡ አስተሳሰብም ታሪክ ነው አሉ። በዓለም ዙሪያ የታሪክን ሙያ የለወጠው ይህ አስተሳሰብ የተነሳው ከፓሪስ ሳይሆን ከጠረፍ ከተማ መሆኑን ልብ ይሏል።

በመስከረም 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ የስትራስቡርግ ሕዝብ ከድንበር እንዲሸሽ ታዘዘ። ዩኒቨርሲቲውም መምህራኑን፣ ተማሪዎቹንና መጻሕፍቱን ይዞ በመሐል ፈረንሳይ ወደምትገኘው ክሌርሞን-ፌራን ተሰደደ። በ1940 ፈረንሳይ ተሸንፋ ናዚዎች አልዛስን ሲጠቀልሉ፣ “ዩኒቨርሲቲው ይመለስልን” የሚል ጥያቄ አቀረቡ። የተመለሱ አሉ። አብዛኞቹ መምህራን ግን እምቢ አሉ። ሕንፃው በናዚ እጅ ቢሆንም በሰው ከተማ፣ በተበደሩት ክፍል ውስጥ “የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ” የሚለውን ስም እንደያዙ ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

ዋጋው ከባድ ነበር። በኅዳር 25 ቀን 1943 የጀርመን ወታደሮችና ጌስታፖ የተሰደደውን ዩኒቨርሲቲ ከበቡ። የግሪክኛና የፓፒረስ ጽሑፎች ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ፖል ኮሎምፕ በጥይት ተገደሉ። መምህራንና ተማሪዎች በመቶዎች እየተነዱ ወጡ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ሰዎቹን እየለየ ያስያዘው ደግሞ ለጌስታፖ ያደረ አንድ የራሳቸው ተማሪ ነበር። አይሁዳዊው ማርክ ብሎክ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ በሊዮን የኅቡዕ ትግሉን ተቀላቅሎ፣ ከተያዘና ከተሠቃየ በኋላ ሰኔ 16 ቀን 1944 ተረሸነ። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳይ የአርበኝነት ሜዳይዋን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠች።

የዛሬውን ኑሮ በአጭሩ ላንሳ። ከ1968ቱ የተማሪዎች አመፅ በኋላ በወጣው ሕግ ዩኒቨርሲቲው ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ በጥር 1 ቀን 2009 ተመልሶ አንድ ሆነ። ከ50 ሺህ በላይ ተማሪዎች አሉት። ዣን-ማሪ ሌን በ1987፣ ዣን-ፒየር ሶቫዥ በ2016 በኬሚስትሪ፣ ዡል ሆፍማን በ2011 በሕክምና የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት የሚከፍለው የመመዝገቢያ ገንዘብ ከ200 ዩሮ በታች ነው። ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጡ ግን መንግሥት በ2019 ዋጋውን ወደ 2,770 ዩሮ ሰቅሎታል፤ በእኔ አመለካከት ይህ ለሀገሪቱ የማይመጥን ውሳኔ ነው። መግባቱ ቀላል መስሎ ቢታይም በመጀመሪያው ዓመት የሚወድቀው ብዙ ነው፤ ልጆቻችሁን ለመላክ የምታስቡ ይህን አትርሱ።

አንድ ሌላ ነገር። ፈረንሳይ ሃይማኖትን ከመንግሥት የለየችው በ1905 ነው፤ ያን ጊዜ አልዛስ በጀርመን እጅ ስለነበረች ሕጉ እስከ ዛሬ አይመለከታትም። ስለዚህ በዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የካቶሊክም የፕሮቴስታንትም የነገረ መለኮት ፋኩልቲዎች አሉ።

የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ግን ሚኒስትሩ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አባላት ናቸው። የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤትም በ1984 የፕሮፌሰሮች ነፃነት ሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ አለው ብሎ ወስኗል። “ደመወዝህን የምከፍልህ እኔ ነኝና እኔ የምልህን አስተምር” ለሚለው የሀገራችን ሹመኞች የታወቀ ክርክር ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ይህ ነፃነት የሚፈተነው ግን በራስ ጓዳ ነው። ዩኒቨርሲቲው በስደት ላይ ሳለ ናዚዎች በ1941 በሕንፃዎቹ ውስጥ የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ከፍተው ነበር። አውጉስት ሂርት የተባለው የአናቶሚ ፕሮፌሰር የአፅም ስብስብ ለማዘጋጀት ሲል 86 አይሁዳውያን ከአውሽቪትስ ተመርጠው እንዲመጡ አደረገ፤ በነሐሴ 1943 በስትሩቶፍ ካምፕ በጋዝ ተገደሉ። ስትራስቡርግ ለብዙ ዓመታት “እኛ ያኔ ክሌርሞን ነበርን፣ ይህ የእኛ ታሪክ አይደለም” ስትል ኖራለች። በ2015 የሟቾቹ ቅሪት በሕግ ሕክምና ተቋሙ ውስጥ በብልቃጥ ተቀምጦ ተገኘና ተቀበረ። በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከተለያዩ ሀገሮች የተውጣጡ የታሪክ ምሁራንን ኮሚሽን አቋቁሞ ማኅደሮቹን ከፈተላቸው። ኮሚሽኑ በ2022 ያቀረበው ሪፖርት 500 ያህል ገጽ አለው።