የማያስለውን ታማሚ የሚፈልግ ራጅ

ቲቢ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሳልን ነው። የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፤ ጤና ጣቢያ የሚጠየቀውም ይኸው ነው። ነገር ግን በየአገሩ በተደረጉ የዳሰሳ ጥናቶች፣ በአክታ ምርመራ ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምንም አይሰማንም ያሉ ናቸው። ያላመመው ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት አይሄድም። ስለዚህ ራጁ ራሱ ሰፈር ድረስ ይመጣል።

እንዲህ ሰፈር ድረስ ከሚመጡት ተንቀሳቃሽ ራጆች አንዱ፣ የፉጂፊልም ኤክስኤር፣ 3.5 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ የሚሠራውም በባትሪ ነው። ተመርማሪው ደረቱን ከሰሌዳው አስጠግቶ ይቆማል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፣ አየር ስቦ ይይዛል፤ ወዲያው አለቀ። አስቀድሞ ግን የአንገት መስቀል ይወልቃል፣ ሹሩባም ወደ ላይ ይታሰራል። ቲቢ አዘውትሮ የሚይዘው የሳንባን የላይኛውን ክፍል ነው፤ ትከሻ ላይ የወረደ ሹሩባም ጥላውን የሚጥለው እዚያው ላይ ነው።

ጨረሩ አየር የሞላውን ሳንባ በቀላሉ ስለሚያልፍ ሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በሽታው ያቆሰለው ቦታ ግን ይነጣል። ይህን ንጣት ማንበብ የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ ራጅ አንባቢ ሐኪም ደግሞ በየቀበሌው የለም። ራጅ የሚያነብ ሶፍትዌር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከብዙ ራጆች የተማረ በመሆኑ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም እንኳ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ የጠረጠረውን ቦታ በቀለም ያመለክታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ነጥብም ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሶፍትዌሩ በሐኪሙ ንባብ ምትክ ማገልገል እንደሚችል አጽድቋል።

70 ነጥብ ማለት ግን «70 በመቶ ቲቢ አለብህ» ማለት አይደለም። ነጥቡ የሚለየው አክታ መስጠት ያለበትን ሰው ነው። ከስንት ነጥብ ጀምሮ? ይህን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን ሥራውን የሚመራው ሰው ነው፣ ያውም ከበጀቱ ጋር ተማክሮ። መስመሩ ዝቅ ካለ አክታ የሚመረመርበት የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ ቶሎ ያልቃል፤ ከፍ ካለ ታማሚ ያመልጣል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ሲወራ ይህ ውሳኔ መዘለሉ ይገርመኛል። ከዓመታት በፊት ታክሞ የዳነ ሰውም ጠባሳው ነጥቡን ከፍ ሊያደርግበት ስለሚችል፣ «ከዚህ በፊት ታክመው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ከማሽኑ ጎን ይቀጥላል።

የመጨረሻው ዳኛ አክታው ነው። ጂን ኤክስፐርት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት መላመዱን ይለያል። ታዲያ የማያስል ሰው አክታ ከየት ያመጣል? የጤና ባለሙያዋ የአክታ ኩባያ ሰጥታ፣ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሳ አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ፣ ደጋግሞ በረጅሙ ተንፍሶ ከደረቱ እንዲያወጣ ትመክረዋለች። ብዙዎች ይዘው የሚመለሱት ግን ምራቅ ነው።