ፎርሙ የአባትን ገቢ ሲጠይቅ

ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለ ቤተሰብ ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚታየው አንድ መንገድ ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውን አልፎ መንግሥት የመደበው ዩኒቨርሲቲ መግባት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግን መንገዱ ጠቧል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ከ2016ቱ ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ያለፈውም በነጻ አይማርም። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢ የሚማር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውል ይፈርማል። የትምህርቱ ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡና የመኝታው ሙሉ ወጪ ዕዳ ሆኖ ይመዘገብበታል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ብዙ ሰው «ኮስት ሼሪንግ» የሚባለው ይህ ዕዳ ትዝ የሚለው ለማስተርስ ወደ ውጭ ሊያመለክት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ ነው። ዕዳው ሳይዘጋ ወረቀቱን ማግኘት ይቸግራል።

የውጭው ዕድል ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ነጥብ ያያል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 70፣ ለሕክምና 90 በመቶ ይጠይቃል፤ ለተመረጠው ክፍያውን፣ ማደሪያውን፣ የወር አበሉን፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርቱን ይሸፍናል። ማመልከቻው በነጻ ስለሆነ «እኔ ላስጨርስልህ» ብሎ ብር የሚቀበል ደላላ የሚሸጠው ነገር የለውም።

ሁለተኛው ኪስ ያያል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ በነጥብ ብልጫ ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ለእነሱ የሚያመለክተውማ ሁሉም ጎበዝ ነው። ያለፈውን ተማሪ ቤተሰቡ መክፈል የሚችለውን ያህል አስከፍለው የቀረውን ራሳቸው ይችላሉ። የውጭ ዜጋ ቢሆንም እርዳታ መጠየቁ መግቢያውን አይዘጋበትም። በአገር ቤትም ኪስ የሚያይ ዕድል አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኲንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የያዘው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ በተለይ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት ሰጥቷል።

ጎበዙን ተማሪ የሚያስቸግረው ፎርሙ የቤተሰቡን ገቢ ሲጠይቅ ነው። ጉድለቱን ሸፍኖ እንግዳ በቡና በሚቀበል ቤት ያደገ ልጅ ችግሩን ለባዕድ መዘርዘር ነውር ይመስለዋል፤ ስለዚህ የአባቱን ገቢ ከፍ አድርጎ ይጽፋል፣ ወይም ጨርሶ ይዘለዋል። ሁለቱም ይጎዱታል። የደመወዝ ወረቀት የሌለው የጉሊት ነጋዴ ቤተሰብ የወር ገቢውን በግምት አስልቶ፣ ስንት ሰው እንደሚያስተዳድር ጠቅሶ፣ የቀበሌ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ ማያያዝ ይችላል።

ሌላው ጣጣ ጊዜው ነው። የብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል፤ የቱርኩ አብዛኛውን ጊዜ ጥር ላይ ተከፍቶ የካቲት አጋማሽ ላይ ያበቃል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ማመልከቻዎቹ ከተዘጉ በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባደድ ነው። ፓስፖርቱን፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤቱንና የመምህራኑን የድጋፍ ደብዳቤ 11ኛ ክፍል ላይ መሰብሰብ ያልጀመረ ተማሪ ለዚያ ዓመት ማመልከቻ አይደርስም።