ሆላሾቪትሴ

ሆላሾቪትሴ በቼክ ሪፐብሊክ ደቡብ፣ በደቡብ ቦሄሚያ ክልል የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ከቼስኬ ቡዴዮቪትሴ ከተማ በስተምዕራብ ከ20 ኪሎሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስትገኝ፣ የምትተዳደረው በያንኮቭ ማዘጋጃ ቤት ሥር ነው። ጥንታዊ አቀማመጧና የገበሬ ቤቶቿ ሳይፈርሱ በመቆየታቸው በ1998 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች።

ታሪክ

የመንደሯ ስም መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘው በ1263 እ.ኤ.አ. ነው። በ1292 እ.ኤ.አ. የቦሄሚያ ንጉሥ ዳግማዊ ቫትስላቭ ለቪሺ ብሮድ ገዳም ሰጣት፤ እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ድረስም የገዳሙ ርስት ሆና ቆየች።

ከ1520 እስከ 1525 እ.ኤ.አ. በነበረው ቸነፈር ከነዋሪዎቿ የተረፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ገዳሙ ከባቫሪያና ከኦስትሪያ ሰዎችን አምጥቶ ስላሰፈረ፣ አብዛኛው ሕዝብ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሆነ። በ1895 እ.ኤ.አ. በመንደሯ 157 ጀርመኖችና 19 ቼኮች ይኖሩ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖቹ ከአገሩ ተባረሩ፤ ብዙ ቤቶችም ባዶ ቀሩ። ሆኖም መንደሯን ከለውጥ ያዳናት ይኸው መራቆቷ ነው፦ ብዙ ሰው ስላልኖረባት አሮጌዎቹ ቤቶች በአዲስ ሕንጻ አልተተኩም። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤቶቹ ታድሰው ሰው እንደገና ገባባቸው።

አቀማመጥና ሕንጻዎች

በመንደሯ መካከል 210 ሜትር ርዝመትና 70 ሜትር ስፋት ያለው ሣር የለበሰ አደባባይ አለ። በአደባባዩ ላይ የዓሣ ኩሬ፣ የቀድሞ አንጥረኛ ቤት፣ እንዲሁም በ1755 እ.ኤ.አ. የተሠራ የኔፖሙኩ ቅዱስ ዮሐንስ ትንሽ ጸሎት ቤት ይገኛሉ።

ዙሪያውን 23 የገበሬ ግቢዎች ተሰልፈዋል። የእያንዳንዱ ግቢ ቦታ ጠባብና ረዥም ነው፤ የመኖሪያ ቤቱና የእህል ጎተራው ግንባር ወደ አደባባዩ ይዞራል፣ በመካከላቸውም ቅስት ያለው በር አለ። ከበስተኋላ ጋጣ፣ የአዝመራ ማከማቻ፣ የጓሮ አትክልትና እርሻ ይከተላሉ። ይህ የቦታ አከፋፈል ከመካከለኛው ዘመን የወረደ ሲሆን፣ አሁን የሚታዩት የቤት ግንባሮች ግን በአብዛኛው የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። በኖራ ጌጥና በተለያዩ ፈዛዛ ቀለሞች የተዋቡት እነዚህ ግንባሮች «የደቡብ ቦሄሚያ የገጠር ባሮክ» በሚባለው ስልት ተሠርተዋል። የአካባቢው ግንበኞች በከተማና በገዳም ያዩትን የባሮክ ቅርጽ ለገበሬ ቤት አስማሙት።

አገልግሎቶችና ጎብኚዎች

በመንደሯ የምግብና የቢራ ቤቶች፣ የጎብኚዎች መረጃ ቢሮ፣ እንዲሁም የድሮ የእርሻ መሣሪያዎችና የቤት ዕቃዎች የሚታዩበት ትንሽ ሙዚየም አሉ። በየዓመቱ በጁላይ ወር የገበሬዎች በዓል ሲከበር የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን በአደባባዩ ያሳያሉ። ከመንደሯ ዳር በ2008 እ.ኤ.አ. የተተከለ የትላልቅ ድንጋዮች ክበብም አለ፤ ጥንታዊ ቢመስልም የዘመናችን ሥራ ነው።

ሆላሾቪትሴ ሙዚየም ብቻ አይደለችም፤ በግቢዎቿ ዛሬም ቤተሰቦች ይኖሩባቸዋል።