ጥንቸልና የጓሮ አትክልት

በምሥራቅ ሱዳን፥ በአትባራ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በሾዋክ ከተማ ጓሮውን የሚያለማ ሰው ፍየል እንዳይገባበት ዙሪያውን በእሾህ ያጥራል። የቤቱ ጥንቸል ግን የምትኖረው ከአጥሩ ውስጥ ነው፤ እሾሁ አይከለክላትም። እናት ለወጥ ያሰበችው ባምያ ተበልቶ ሲያድር፥ ጥንቸሊቱን የሚወድ ልጅ ደግሞ «ከቤት ትውጣ» መባሉን ሰምቶ ሲያለቅስ፥ ቤቱ ሰላም ያጣል።

እኛ ግን ሁለቱንም አብሮ ማኖር ይቻላል እንላለን። ጥንቸል መቆፈር የምትወድ እንስሳ ናት፤ ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሳታኝክ አትውልም። ስለዚህ ቀዳዳው ከ2.5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ መረብ በአትክልቱ መደብ ዙሪያ ይተከል፤ ከመሬት በላይ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይቁም፥ ከመሬት በታችም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር።

ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የራበው እንስሳ አጥር ይፈትናልና። ከምግቧ የሚበዛው ደረቅ ሣር ይሁን፥ ንጹሕ ውሃም አይጓደልባት። በዚያ አገር በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ፥ ጥንቸልም ሙቀት ስለማትችል፥ ማደሪያዋ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይሠራ።

አጥሩ የሚጠቅመው ለአትክልቱ ብቻ አይደለም። ሽንኩርት፥ የቲማቲም ቅጠልና ጉሎ ጥንቸልን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ መረቡ የእናትን ወጥ ሲጠብቅ የልጁንም ወዳጅ ይጠብቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ዘሩ ሳይበቅል አጥሩን ማበጀት ይሻላል።